አንድ ቀለበት ወደ ላይ

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤
እነዚህን ግን በቀይ አምፖል ነው ያታለሏቸው፣
«እናታችሁ ይቺ ናት» ብለዋቸው።
ሃያ አራት ሆነው በካርቶን ተጫኑ፣
አንዷ መርከቡ ላይ ቀረች፣
ሃያ ሦስት ሆኑ፤
ከማሽን የወጡ፣
ክንፍ ስር አንድ ቀን ያልተቀመጡ።

ሳሬማ ደሴት፣ መጋቢት ማለቂያ፣
ባሕሩ በረዶውን ሰባብሮ ወደ ዳር ሲገፋ፣
ከጎተራው ጥግ፣ ከሰጋቱራው በላይ፣
አንዲት ቀይ ጠብታ ሌሊቱን ሙሉ አላንቀላፋች።

ሄልዩ ቴርሞሜትር አታምንም፤
«አተኛኘታቸው ይነግረኛል» ትላለች።
ከአምፖሉ ስር ተደራርበው ከተቆለሉ፣ ብርድ፤
ከግድግዳው ተለጥፈው አፋቸውን ከከፈቱ፣ ሙቀት በዛ፤
እንደ ተበተነ ገብስ እዚህም እዚያም ካሸለቡ
ያኔ ነው ልኩ።
ሰኞ ሰኞ ሰንሰለቱን አንድ ቀለበት ታሳጥራለች፣
አምፖሉ ወደ ጣሪያው ይርቃል፣
የጫጩቶቹ ሰማይ ከፍ ይላል፤
አንገታቸውን አዘንብለው ያዩታል፣
በአንድ ዓይን፣
እንደ ዶሮ ወግ።

ኤንዴል የሚያምነው ቆጣሪውን ነው።
ከኩሽናው በር በላይ ጥቁር ሳጥን፣
ውስጡ የምትሽከረከር ቀጭን ብረት፤
ከዓሣ ሾርባው ቀና ብሎ ያያታል፣
«ስትሮጥ ተመልከቻት!» ይላል፣ «ስትሮጥ!
ለማን ነው? ላባ ላበቀለ ጎረምሳ!
እኔ በስድስት ዓመቴ ከአባቴ ጋር መረብ ስጎትት
ማን አምፖል ሰቀለልኝ?»
እሷ ጥቁሩን ዳቦ ትቆርሳለች፣
ቅቤ ትቀባለች፣
መልስ የላትም።

ቀን ቀን ይጥፋ፤ በዚህ ተስማሙ።
ማታ ማታ ግን ጦርነት ሆነ፣
ድምፅ የሌለው፣ በካልሲ የሚራመድ ጦርነት።
እሱ በአራት ሰዓት ወጥቶ ያጠፋል፣
እሷ በስድስት ወጥታ ታበራለች፣
እሱ ሽንት አመካኝቶ በስምንት ያጠፋል፣
እሷ ድመቷን አመካኝታ በዘጠኝ።
ሲነጋ «እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ» ይባባላሉ፤
የሁለቱም እግር ላይ ሰጋቱራ አለ፣
ሁለቱም አላየሁም ይላሉ።

ግንቦት ገባ፤ የበርቹ ቅጠል የአይጥ ጆሮ ባከለበት ሌሊት
ውርጭ ወረደ።
ጎተራው በር ላይ ተገናኙ።
እሷ ካፖርት በሌሊት ልብስ ላይ፣
እሱ ጆሮ የሚሸፍን ባርኔጣ፣ ሱሪ የለም።
ውስጡ ጨለማ ነው፤ ቀድሟታል።
እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች።
«ቆዪ» አላት፣ «ስሚ።»

መጀመሪያ ጩኸት ነበር፣
ሃያ ሦስት ቀጫጭን መርፌ ጨለማውን ሲወጋ፤
የት ሄደች? የት ሄደች? የሚል።
እጇ ማብሪያው ላይ ነው፣
እጁ እጇ ላይ፤
አልከለከላትም፣ አላገዛትምም።
ቆሙ። ስንት ደቂቃ?
ቆጣሪዋ ቆማ ማን ይቁጠር?

ከዚያ አንዷ ሌላዋን ገፋች፣
ሌላዋ ሌላዋን፣
ትከሻ ለትከሻ፣ ጭንቅላት ክንፍ ስር፣
ክቡ ጠበበ፤
ጩኸቱ ከጉሮሮ ወደ ደረት ወረደ፣
ክዳኑ እንደ ተከደነ ድስት
ዝግ ብሎ ተንተከተከ፣
ከዚያ እሱም ቀረ።
ማንም ያላሳያቸውን ክንፍ
እርስ በርሳቸው አለበሱ።

«አላልኩሽም?» ማለት ይችል ነበር።
ሃምሳ አንድ ዓመት አብሯት ሲኖር
ይህን ቃል አንዴም ሳይለው አላለፈም።
ያን ሌሊት አለፈው።
«ካልሲህ ረጥቧል» አለችው።
ረጥቦ ነበር።

በማግስቱ አምፖሉን ፈታችው፣
በነጠላ የሱፍ ጓንት ጠቀለለችው፣
ከሻማዎቹ ጎን መሳቢያ ውስጥ አኖረችው።
«ለከርሞ» አለች።
ኤንዴል ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።
«ለከርሞ» አለ እሱም፣
ቆጣሪዋን ቀና ብሎ ሳያይ።

ሰንሰለቱ ግን ከጣሪያው አልወረደም።
አመሻሽ ላይ ከደጅ ሲገቡ
አንዲቱ፣ ጭራዋ ገና ያልሞላው፣
አንገቷን አዘንብላ
ባዶውን መንጠቆ ታየዋለች፣ በአንድ ዓይን፤
ከዚያ እህሉ ወዳለበት ትሄዳለች።